የቆየ ፒክአፕ የሞተር ኮምፒውተር መቼና እንዴት እንደሚለወጥ

በሰኔና በሐምሌ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ዘርና ማዳበሪያ ጭነው ወደ ገላን፣ ወደ ዱከምና ወደ ቢሾፍቱ የሚወርዱ ፒክአፖች ብዙ ናቸው። አብዛኛዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ ነው። በዚህ ወቅት የአንድ ፒክአፕ መቆም የሾፌሩ ችግር ብቻ አይደለም፤ በጥቁሩ የኮትቻ አፈር ላይ ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ አጭር ስለሆነ የዘሩ መዘግየት ኋላ በአውድማ ላይ ይታያል። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በሁለት ክረምት የገጠመን ነገር ነው።

ባለ 2ኤልና ባለ 3ኤል ሞተር የሆኑት የቀድሞ ፒክአፖች ኮምፒውተር አያውቁም። ናፍጣውን የሚመጥነው በሞተሩ ኃይል የሚዞረው ፓምፕ ስለሆነ ሜካኒኩ በጆሮውና በመፍቻው ሥራውን ይጨርሳል። ዴንሶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ኮመን ሬል የሚባለውን ዘዴ በጭነት መኪና ላይ ካዋለ በኋላ ግን ነገሩ እየተለወጠ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2004 ታይላንድ ውስጥ መሠራት የጀመረው ሃይሉክስ ቪጎ፣ ባለ 1ኬዲ ወይም ባለ 2ኬዲ ሞተር ከሆነ፣ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ኮምፒውተሩ ከሴንሰሮች የሚመጣለትን መልእክት እየተቀበለ ናፍጣው መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ ያዛል። እርሱ ካላዘዘ ሞተሪኖው ቢዞርም ሞተሩ አይነሣም።

በመጀመሪያው ክረምት ከሥራ መኪናዎቻችን አንዱ ዘር እንደ ጫነ ቃሊቲ ላይ ቆመ። ሞተሪኖው ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም፤ ቁልፉ ሲከፈት የቼክ ኢንጂን መብራት አይበራም። የተጠራው ባለሙያ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ካየ በኋላ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» አለን፤ እኛም አመንን። ያገለገለ ኮምፒውተር ተፈልጎ ተገዛና ተገጠመ። መብራቱ አሁንም አልበራም። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከተገጠመ በኋላ አይመለስም ስለተባልንም ገንዘቡ በዚያው ቀረ። በአራተኛው ቀን ሌላ የኦቶ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በቴስተር እየተከታተለ ሲሄድ ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያመጣው ሽቦ በዳሽቦርዱ ሥር በአይጥ ተበልቶ አገኘው። እህል በሚጭን መኪና ውስጥ የተንጠባጠበ ፍሬ አይጥን እንደሚጠራ፣ ስለ ጎተራ አይጥ ስንመክር የኖርን እኛ ማሰብ ነበረብን።

ስለዚህ ኮምፒውተር ከመግዛት አስቀድሞ ምርመራው በቅደም ተከተል መደረግ ይኖርበታል። ቁልፉ ሲከፈት የቼክ ኢንጂን መብራት ካልበራ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ኃይል አላገኘም ማለት ነው። በመጀመሪያ ባትሪው ይለካል፤ በሙሉ የተሞላ ባትሪ ሥራ ሳይኖርበት 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲዞርም ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ቀጥሎ ፊውዞቹና ዋናው ሪሌ ይታያሉ፤ ከዚያም ኃይሉ እስከ ኮምፒውተሩ ሶኬት ድረስ መድረሱ ይረጋገጣል። ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ማሳው ነው። ማሳ ስንል የእርሻውን ማሳ ሳይሆን ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መስመር ማለታችን ነው። ቁልፉ ተከፍቶ በኮምፒውተሩ የማሳ ሽቦና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ሲለካ ልዩነቱ ከ0.1 ቮልት ከበለጠ ቡሎኑ ዝጓል ወይም ሽቦው ተበላሽቷል፤ ይህም ያለ አንዳች ግዢ በብርጭቆ ወረቀት ሊስተካከል ይችላል።

ሌላም አሳሳች ነገር አለ። ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮቹ 5 ቮልት ይልካል። ከሴንሰሮቹ አንዱ ውስጡ ከተገናኘ ይህ 5 ቮልት ይወድቅና ጤነኛው ኮምፒውተር የሞተ ይመስላል። ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቮልቱ የሚመለስበትን ማየት ነው። በተጨማሪ በእነዚህ ሞተሮች ላይ ለኢንጄክተሮቹ ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ለብቻው የቆመ ሳጥን ይኖራል፤ አንዳንድ ጊዜ የሚበላሸው እርሱ ነው። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ይህ መስመር ሰውን ስለሚጎዳ በእጅ አይነካም።

በሁለተኛው ክረምት ግን የተበላሸው ኮምፒውተሩ ራሱ ነበር። የአንዱ ፒክአፕ ካሶኒ ተሰንጥቆ በኤሌክትሪክ ሲበየድ ባትሪው አልተነቀለም፤ በማግሥቱ ሞተሩ አልነሣ አለ። ኃይሉም ማሳውም ደኅና ነበር፤ ሴንሰሮቹ ሁሉ ተነቅለው እንኳ 5 ቮልቱ አልመጣም፤ የመመርመሪያው መሣሪያም ከኮምፒውተሩ ጋር መነጋገር አልቻለም። ሳጥኑ ሲከፈት ሰሌዳው ላይ የተቃጠለ ቦታ ታየ። ምክንያቱ ብየዳው ነው ብለን እናምናለን።

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋው ስለ ናረ፣ አዲስ ከመግዛት ይልቅ በሶማሌ ተራ ያገለገለውን መፈለግ የተለመደ ነው። ሲፈለግ በሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር መታየት አለበት። የቶዮታው በ89661 ይጀምራል፤ ከሰረዙ በኋላ ያሉት ቁጥሮችና ፊደሎችም በሙሉ አንድ መሆን አለባቸው። በመልክ አንድ የሆኑ ሳጥኖች ለተለያየ ሞተርና ካምቢዮ የተዘጋጀ የተለያየ ትእዛዝ ይይዛሉ። ከመግጠም በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀላል።

መግጠሙ ግን የሥራው እኩሌታ ነው። ቁልፉ ውስጥ ቺፕ ያለበት መኪና ከሆነ ከሌላ መኪና የመጣ ኮምፒውተር ቁልፉን ስለማያውቀው ሞተሩን አያስነሣም፤ ወይ ቁልፉ እንደ አዲስ ይመዘገባል፤ ወይም የአሮጌው ኮምፒውተር ማስታወሻ ወደ ተተኪው ይዛወራል። ስለዚህ መኪናው እስኪነሣ ድረስ አሮጌውን ለሻጭ አለማስረከብ ያስፈልጋል። እንዲሁም በኢንጄክተሮቹ አናት ላይ የተጻፈው መለያ በመመርመሪያው መሣሪያ አማካይነት ለተተኪው ኮምፒውተር መነገር አለበት። ይህ ካልተደረገ ሞተሩ ቢነሣም ይንቀጠቀጣል፤ ጭስም ያበዛል።

ከዚያ ወዲህ ብየዳ ሲኖር ባትሪውን ነቅለን የኮምፒውተሩንም ሶኬት እናወጣለን። ባትሪ ሲደክም ከባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና አናስነሣም፤ በዳሽቦርዱ ሥርም በየሳምንቱ እንጠርጋለን። በሁለተኛው ክረምት መኪናው በሦስተኛው ቀን ሥራ ጀምሮ ዘሩ በጊዜው ደረሰ። በመጀመሪያው ክረምት የገዛነው ኮምፒውተር አሁንም በዕቃ ግምጃ ቤታችን ተቀምጧል፤ ቁጥሩ ከመኪናዎቻችን ከአንዱም ጋር አይገጥምም።