ርካሽ መሬት፣ ውድ ከተማ

አንኮበር ልስፋ ብትል ገደሉ ይከለክላታል። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ግን ሜዳ ላይ ናት፤ ካልወሰነች የሚወስናት የለም። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ላይ መገኘቷም ባለሀብቱንና ነዋሪውን ስቧል። ከነባሩ ብርድ ልብስ ፋብሪካ በኋላ ዩኒቨርሲቲው፣ ቢራ ፋብሪካዎቹና በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ተከታትለው መጥተዋል። ዕድገቱ እሰየው ነው። ችግሩ ከተማዋ የምትሰፋው ገብስ በሚዘራበትና ላም በሚታለብበት መሬት ላይ መሆኑ ነው።

ምክንያቱ ሂሳቡ ውስጥ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ሳያገኝ ለዘለቄታው የሚነሳ አርሶ አደር የልማት ተነሺ ካሳው የሚሰላው ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛ የሆነው ዓመታዊ ገቢው በ15 ተባዝቶ ነው። ያው መሬት ወደ ከተማ ሲገባ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት በሊዝ ይተላለፋል፤ ዋጋውም በካሬ ሜትር ጨረታ ይወጣበታል። ሲወሰድ በገብስ፣ ሲሰጥ በጨረታ ይተመናል ማለት ነው። ልዩነቱ ማዘጋጃ ቤቱን ወደ ዳር ይገፋዋል። ካሳውን የማያምነው ገበሬም ቀድሞ በስውር ውል ይሸጣል፤ የጨረቃ ቤትም ይበቅላል።

ርካሽ የመሰለው መሬት ግን ቤቶችን በሰፊ ቦታ እያራራቀ ኋላ ያስከፍላል። የቤቶቹ ግንባር 10 ሜትር ቢሆን፣ 100 ሜትር መንገድ ግራና ቀኝ 20 ቤት ያገለግላል። ግንባሩ 20 ሜትር ሲሆን ያው መንገድ፣ ያው የውሃ መስመር፣ ያው የመብራት ምሰሶ የሚያገለግለው 10 ቤት ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ቤት ድርሻ እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መቀየር አለበት። በመጀመሪያ መሀል ከተማ ታጥረው ያለ ሥራ የተቀመጡ ቦታዎች በሊዝ ውላቸው መሠረት ይገንቡ ወይም ይመለሱ። በጥር 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም መሬት አጥሮ መቀመጥን የሚያስወድድ ሆኖ ሊሠራበት ይገባል። ቀጥሎ፣ ከሊዝ ገቢው ለተነሺው አርሶ አደር የሚደርስ ድርሻ ይኑር። በመጨረሻም የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የሚጠይቀው የነዋሪ ተሳትፎ ካርታው ከተሣለ በኋላ የሚጠራ የማጨብጨቢያ ስብሰባ አይሁን፤ የትኛው ማሳ ማሳ ሆኖ እንደሚቀር ገበሬው ራሱ ተቀምጦ ይወስን።

የደብረ ብርሃን ምክር ቤት አባላት የሚቀጥለው የማስፋፊያ ጥያቄ ሲቀርብላችሁ፣ ከማጽደቃችሁ በፊት የመንገዱንና የውሃውን ሂሳብ አስመጡ።