የቡገንቪሊያ ትርፍ የሚለካው በጸደቀው ችግኝ ነው

ቡገንቪሊያ በአነስተኛ መነሻ ገንዘብ ሊጀመር የሚችል የችግኝ ንግድ ነው። ለዘር የሚከፈል ዋጋ የለም፤ ከአጥር ላይ ከሚገረዝ ቅርንጫፍ ይራባል። ይሁንና አፈር፣ ፕላስቲክ፣ ውኃና ጉልበት ገንዘብ ይጠይቃሉ። የደረቀው ቁራጭ ወጪም በጸደቀው ላይ ይጫናል።

ለምሳሌ ያህል ለ100 ቁራጮች በጠቅላላው 2,000 ብር ወጥቶ 80ዎቹ ቢጸድቁ የአንዱ ችግኝ ወጪ 25 ብር ነው። የጸደቁት 40 ብቻ ከሆኑ ወጪው 50 ብር ይደርሳል። ገበያው ለሁለቱም የሚከፍለው ዋጋ አንድ በመሆኑ አንዱ ሲያተርፍ ሌላው ሊከስር ይችላል።

አቆራረጡ

ተክሉ የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ሲሆን ስሙ የተወሰደው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዓለምን ከዞረው ፈረንሳዊ መርከበኛ ቡገንቪል ነው። ገዢ አበባ ብሎ የሚከፍልበት ቀይ ወይም ሐምራዊ ቀለም በእርግጥ ቅጠል ነው፤ አበባው በመካከሉ ያለው ትንሹ ነጭ ነው። ከቁራጭ የበቀለ ችግኝ የእናቱን ቀለም ስለሚይዝ እያንዳንዱን መደብ በቀለሙ ለይቶ ምልክት ማድረግ ይገባል።

ለቁራጭ የሚመረጠው ለጋም ያረጀም ያልሆነ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ነው። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና ሦስት ወይም አራት አንጓ ቢኖረው ይበቃል። ከታችኛው አንጓ ሥር ተቆርጦ፣ ቅጠሉ ተራግፎ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ ሁለት አንጓው ይቀበራል። አፈሩ እርጥበት ይያዝ እንጂ ውኃ አይቋጥር፤ ውኃ ከቋጠረ ቁራጩ ይበሰብሳል።

ቅጠል ዋስትና አይደለም

ቁራጩ በግንዱ ባከማቸው ምግብ ሥር ሳያወጣ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ሥር ለመያዝ ግን ከስድስት እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ቀዝቃዛ ደጋ ደግሞ ይዘገያል። ቅጠሉን አይቶ ቸኩሎ የሚሸጥ ነጋዴ ለጊዜው ገንዘቡን ያገኛል፤ ችግኙ የደረቀበት ደንበኛ ግን አይመለስም።

ሥሩ በቀላሉ የሚሰበር ስለሆነ ቁራጩን ከመጀመሪያው በየራሱ ፕላስቲክ መትከል ይመረጣል። ገዢውም ፕላስቲኩን በምላጭ ቀድዶ፣ አፈሩን ሳይበትን ጉድጓድ ውስጥ ማስቀመጥ አለበት።

ከተከላ በኋላ

ቡገንቪሊያ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይሻል። ሥር እስኪይዝ በደንብ ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ አፈሩ ደረቅ እስኪል መጠበቅ ይበጃል። ውኃና ዩሪያ ያበዛ ሰው የሚያገኘው ቅጠል ነው። የሚያብበው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ በመሆኑ አበባው ሲረግፍ ይገረዛል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለጋውን ስለሚያቃጥል በእነዚህ ወራት ትንንሽ ችግኞችን ሌሊት መሸፈን ያስፈልጋል።

ለሆቴል ወይም ለመኖሪያ መንደር በብዛት የሚያቀርብ ነጋዴ ለሰኔ ተከላ የሚሆነውን ቢዘገይ እስከ የካቲት መቁረጥ ይኖርበታል። ገንዘቡ ለወራት ታስሮ ስለሚቆይም ቀብድ መቀበሉ ተገቢ ነው። በደላላ በኩል የሚገዛም ቢሆን ውሉን በቀለምና በቁጥር ብቻ መወሰን የለበትም። ኮሚሽን ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ችግኙ ቢደርቅ ኪሳራው የገዢው ነው። ስለዚህ ቀሪውን ሂሳብ ከመክፈሉ በፊት ጥቂት ችግኞችን አንሥቶ በፕላስቲኩ ግርጌ ሥር መታየቱን ያረጋግጥ።