በመጀመሪያ እርሱን ጠይቁት

ጌታችን ከኢያሪኮ ሲወጣ በርጤሜዎስ የተባለው ዐይነ ስውር በመንገድ ዳር ተቀምጦ ይለምን ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ በጮኸ ጊዜ ብዙዎች ዝም እንዲል ገሠጹት። ጌታ ግን አስጠርቶ ምን እንዲያደርግለት እንደሚወድ ጠየቀው። ይህን ታሪክ ያልሰማ ክርስቲያን አይገኝም። ነገር ግን፣ ውድ አንባብያን፣ አንድ ነገር ልብ እንበል። የሰውዬው ችግር ለሁሉ የታወቀ ነበር፤ ያለ ጥያቄም ሊፈወስ ይችል ነበር። የተጠየቀበት ምክንያት ሕዝቡ ዝም ያሰኘው ሰው ፈቃዱን በገዛ አንደበቱ ይናገር ዘንድ ይመስለኛል።

እኔ ይህን ታሪክ ከዲቁና ትምህርቴ ጀምሮ ሳነበው ኖሬ ትርጕሙ የገባኝ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። በምዝገባ ቀን ዐሥራ አራት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ፣ ታናሽ እኅቱ በበትር እየመራችው ወደ ቢሮ ገባ። እኔም ወደ እኅቱ ዞሬ «ስሙ ማን ይባላል? ስንተኛ ክፍል ደርሷል?» አልኋት። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። ልጁ ግን በትሕትና «መምህር፣ የታመመው ዐይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደኅና ነው፤ እኔን ይጠይቁኝ» አለኝ።

እጅግ አፈርሁ። ይቅርታ ጠይቄው ሳበቃ ምን እንድናደርግለት እንደሚሻ ጠየቅሁት። ልብስ ወይም ገንዘብ ይለምናል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሱ የለመነው ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ መምህራን በጥቍር ሰሌዳ ላይ የሚጽፉትን እየጻፉ በቃል እንዲያነቡት፤ ሁለተኛው፣ ነጭ በትርና አያያዙን የሚያስተምረው ሰው እንዲገኝለት። ስለ በትሩ ምክንያቱን ብጠይቀው «እኅቴ እኔን ስትመራ ሁለት ዓመት ከትምህርት ቀርታለች» ሲል መለሰልኝ። እኛ የአንድ ልጅ ችግር ነው ያልነው የሁለት ልጆች ችግር ሆኖ ተገኘ። ይህንንም ሳንጠይቅ ልናውቀው አንችልም ነበር።

ዐይነ ስውር መማር አይችልም የሚለው አሳብ ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጋር አይስማማም። በአራተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ትምህርት ቤት አለቃ የነበረው ዲዲሞስ በአራት ዓመቱ ገደማ የዐይኑን ብርሃን ያጣ ሰው ነበር። በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ እንደ ተማረ ተጽፎለታል። በእኛም አገር በአብነት ትምህርት ቤቶች ዜማውና ቅኔው በቃል የሚጠና በመሆኑ ዐይነ ስውራን ሊቃውንት ወጥተዋል።

በጣት የማንበቡን ነገር ፍጹም ያደረገው ግን ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ነው። ይህ ሰው በሦስት ዓመቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት ሲጫወት በስል መሣሪያ ዐይኑን ተወግቶ የታወረ ነው። በ1829 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በስድስት ነጥቦች ላይ የቆመውን ጽሕፈት አሳተመ። ጽሕፈቱ ወደ አማርኛም ተመልሷል፤ የእኛ ፊደል ድምፀ ብዙ ስለሆነ ተነባቢውና አናባቢው በየራሳቸው ምልክት ይጻፋሉ። ተማሪዬም ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ ይዞ እንደ ወስፌ ባለ መሣሪያ ከቀኝ ወደ ግራ እየበጣ ይጽፋል፤ ወረቀቱን ገልብጦም ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል።

የኢትዮጵያ ዐይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር በ1960 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲመሠረት፣ ዐይነ ስውራን ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት ስፍራ ተገኘ። በሻሸመኔ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማረችው የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤም ለአካል ጉዳተኞች መብት በመሟገቷ በ2017 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። አዋጅ ቍጥር 568/2000ም አሠሪ አካል ጉዳተኛን በጉዳቱ ምክንያት ከሥራ እንዳያገልል ይከለክላል። ይሁን እንጂ አዋጅ በመንደራችን መንገድ ላይ ክፍት የተተወውን ቦይ አይደፍንም። ይህ የጎረቤት ሥራ ነው።

ታዲያ ጎረቤት ምን ያድርግ? ዐይነ ስውር ሲያገኝ ስሙን ነግሮ ሰላምታ ይስጥ፤ «ማን ነኝ? እስቲ ዕወቀኝ» እያለ አይፈትነው። መንገድ ሊያሻግረው ቢወድ አስቀድሞ ይጠይቀው፤ ከፈቀደም እጁን ጎትቶ ሳይሆን ክንዱን አስይዞ ይምራው። ዕድሩ በወረቀት የሚለጥፈውን ማስታወቂያ በቃልም ያሰማ፤ ዐይነ ስውሩን አባል ከለቅሶ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጦ ከመተው፣ ለጸሓፊነትም ሆነ ለዳኝነት ይምረጠው። ወላጅም ዐይነ ስውር ልጁን ከእንግዳ ፊት አይደብቅ፤ ሰባት ዓመት ሲሞላው እንደ ወንድሞቹ ወደ ትምህርት ቤት ይውሰደው።

ሌላም ቸል የማይባል ነገር አለ። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 የሚሆነው ዐይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ያሳወረው በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚነሣው የዐይን ሞራ ነው፤ ትራኮማም ብዙዎችን ጎድቷል። ትራኮማ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ እየቀለበሰ የዐይንን ብሌን ያስፍቃል። የልጆችን ፊት ዘወትር ማጠብ፣ መጸዳጃ መቆፈር፣ መድኃኒት በታደለ ጊዜ መውሰድ፣ ሽፋሽፍቱ ከተቀለበሰም በጊዜ መታከም ይገባል። እናቶቻችን ሽፋሽፍቱን በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት መቈየታቸው ብርሃናቸውን ያሳጣቸዋል። ጠበል የሚጠመቅም ሰው ወደ ሐኪም ከመሄድ አይከልከል።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። በትሩ ተገኝቶለት አያያዙን ተማረ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ወድቆ ጉልበቱ ቈሰለ፤ እኔም እኅቱ ተመልሳ ትምራው ለማለት ቃጣኝ። ነገር ግን ያለፈውን አስታውሼ እርሱኑ ጠየቅሁት። «ልውደቅ፤ መንገዱን እለምደዋለሁ» አለኝ። ዛሬ ጠዋት ጠዋት በትሩ በደንጊያው ላይ ቋ ቋ ሲል ከሩቅ እሰማለሁ። እኅቱም ከእርሱ ሁለት ክፍል ዝቅ ብላ በሌላው ሕንጻ ትማራለች። አብረው ሲመጡ ያየኋቸው ጥቂት ቀን ነው፤ እርሷ ከጓደኞቿ ጋር ትሮጣለች፤ እርሱ ደግሞ በገዛ እርምጃው ይደርሳል።