ስለ ትንሽ አውቶሞቢል እግር፤ ሞላና አሞርዛተር ለሚለውጡ ባለመኪናዎች የተሰጠ ማብራሪያ

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በየማለዳው ተነሥተው ለንግድና ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱ ባለመኪናዎች ብዙዎች ናቸው። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ሲሆን፣ ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ነዋሪዎቹ የሚነዱት በአብዛኛው ትንንሽ አውቶሞቢሎችን ነው። ቶዮታ ቪትዝና ያሪስ፣ ዲኤክስ እየተባለ የሚጠራው አሮጌው ኮሮላ፣ ሱዙኪና እነዚህን የመሰሉት ሁሉ የተሠሩት ለለሰለሰ የከተማ አስፋልት ነው። ከባለቤቱ ደጅ ተነሥተው ዋናው መንገድ እስኪደርሱ ድረስ ግን የሚረግጡት ኮብልስቶን፣ ጠጠር፣ በክረምትም ጭቃና ውሃ የሞላው ጉድጓድ ነው። ስለዚህ ከመኪናው አካል ሁሉ አስቀድሞ የሚደክመው ሜካኒኮች «እግር» የሚሉት ክፍል ነው።

ይህ ነገር ቀድሞ ቀላል የነበረ ሊመስል ይችላል፤ ዛሬ ግን የኪስ ጉዳይ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ አሮጌ መኪናዎች በሚገቡበት ጊዜ የሚከፈለውን ግብር እጅግ ከፍ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወሰነ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ ከውጭ የሚመጣው የመለዋወጫ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ናረ። እንግዲህ በእጁ አንድ ቪትዝ ያለው ነጋዴ መኪናውን ሽጦ የተሻለ ልግዛ ለማለት አይመቸውም፤ ያለችውን ጠብቆ ማኖር ግድ ይሆንበታል። የእግሩን መንኳኳት ሰምቶ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሲሄድም አንዱ «አሞርዛተሩን ለውጥ» ይለዋል፣ ሌላው «ጠንከር ያለ አስገባበት» ይለዋል፣ ሦስተኛው «ሞላውን ከፍ አድርገው» ብሎ ይመክረዋል። ሦስቱንም ሰምቶ ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ መንኳኳቱ እንደ ነበረ የሚቆይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የዚህ ምክንያቱ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ የሚሸከመው ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ዕቃው መገዛቱ ነው።

የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላ ነው። አሞርዛተር ክብደት አይሸከምም፤ የእርሱ ሥራ ሞላው ሲዘልል ማስቆም ነው። ሞላ በጉድጓድ ተጨንቆ ሲለቀቅ በራሱ ጠባይ ወደ ላይና ወደ ታች መመላለሱን አይተውም፤ አሞርዛተሩ ያንን እንቅስቃሴ በውስጡ ባለው ዘይት አማካይነት ወደ ሙቀት ለውጦ ያጠፋዋል። በጣሊያኖች ዘመን ከገቡት የጋራዥ ቃላት መካከል ባሌስትራ፣ ሞላ፣ አሞርዛተር፣ ቦኮላና ቴስቲና ዛሬም ከነሥራቸው በሜካኒኩ አፍ ላይ ይገኛሉ። ባሌስትራ ተደራርቦ የታሰረው የብረት ዝርግ፣ ሞላ ደግሞ የተጠመዘዘው ነው። የድሮዋ ፊያት 600 በፊት እግሯ አግድም የተዘረጋ ባሌስትራ ነበራት፤ ቮልስዋገን ደግሞ ሞላ ሳይኖረው በሚጠመዘዝ ዘንግ ይተጣጠፍ ነበር። በዛሬዎቹ ትንንሽ አውቶሞቢሎች ግን ፊት ለፊት ሞላውና አሞርዛተሩ በአንድ ምሰሶ ላይ ተጣምረው ይቆማሉ። ይህን አሠራር ያመጣው ማክፈርሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ስለ ሆነ በስሙ ይጠራል።

ከዚህ የተነሣ ነገሩን ለይቶ ማወቅ አይከብድም። ለምሳሌ ያህል አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሁልጊዜ የኋላውን ጣጣ በጥቅል እየሞላ፣ ሦስት ሰው ጨምሮ ይነዳል እንበል። መኪናው ባዶ በሆነ ጊዜ እንኳ ከኋላ ተጎንብሶ የሚታይ ከሆነ የደከመው ሞላው ነው፤ ለዚህ አዲስ አሞርዛተር ቢገዛ መኪናው አንድ ጣት እንኳ ከፍ አይልም። መኪናው በቁመቱ ደኅና ሆኖ ጉድጓድ ካለፈ በኋላ እንደ ጀልባ የሚወዛወዝ፣ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫውን ወደ መሬት የሚተክል ከሆነ ግን ጉድለቱ የአሞርዛተር ነው። አንዱን ማዕዘን በእጅ ተጭኖ መልቀቅ የታወቀ ፈተና ነው፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ከተመላለሰ አሞርዛተሩ አልቋል ማለት ይቻላል። ቶሎ ስለ ቆመ ብቻ ግን ደኅና ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ዘይት የተፋበት ዘንግ፣ በየቦታው እየተጎረደ ያለቀ ጎማ ከእጅ ፈተና ይልቅ የታመኑ ምስክሮች ናቸው።

አሞርዛተር የሚደክመው ለምን እንደ ሆነ ለማወቅ ውስጡን መመልከት ይጠቅማል። በአብዛኛዎቹ መኪናዎች ላይ ያለው ሁለት ቱቦ አንዱ በሌላው ውስጥ የገባበት ነው። በውስጠኛው ቱቦ ፒስቶን በዘይት መካከል ይመላለሳል፤ ዘይቱም በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ያልፋል። በኮብልስቶን ላይ ለብዙ ጊዜ በተነዳ ቁጥር ዘይቱ ከአየር ጋራ ተደባልቆ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ፒስቶኑን መግታት አይችልም። ሾፌሩ ጠዋት ደኅና የነበረው መኪና ማታ የላላ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። አረፋውን ለመከላከል በውስጡ ናይትሮጂን ጋዝ የተጨመረበት ዓይነት ተሠርቷል፤ ለእነዚህ ሦስት ከተሞች መንገድ በእርግጥ ተጨማሪ ዋጋ ቢከፈልበት የማይቆጭ ማሻሻያ ይህ ነው። ከዚህ የሚበልጥ የተባለው አንድ ቱቦ ብቻ ያለው፣ ጋዙ በከፍተኛ ግፊት የታመቀበት ነው። ሙቀትን ፈጥኖ ስለሚያስወጣ በውድድር መኪናዎች ላይ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ፒስቶኑ የሚመላለሰው በዚያው በውጭው ቱቦ ውስጥ ስለ ሆነ ድንጋይ ተፈናጥሮ ቱቦውን ካጎደጎደው ዕቃው ወዲያው ይበላሻል። ባለ ሁለት ቱቦው ግን እንዲህ ያለውን ምት ይታገሣል። ስለዚህ ጠጠር መንገድ ውስጥ ለሚኖር ባለመኪና ውዱ ዕቃ የተሻለው ዕቃ አይደለም።

የአሞርዛተር ነገር የምቾት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታሰቡ ትልቅ ስሕተት ነው። ከሱሉልታ ተነሥቶ የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርድ ሾፌር ይህን ሊያስተውል ይገባዋል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት እግሮች ያዘነብላል። አሞርዛተሩ ደክሞ ጎማው በሸካራ መንገድ ላይ የሚዘልል ከሆነ፣ ጎማው ከመሬት በተነሣበት ቅጽበት ፍሬኑ ምንም ያህል ቢጠበቅ መኪናውን አያስቆምም። መሪውም እንደዚሁ ነው፤ መሬት ያልያዘ ጎማ መሪ አይሰማም። ከኋላ ጭነት የያዘ ከባድ መኪና በሚከተልበት መንገድ ላይ፣ ይልቁንም በክረምት ዝናብና ጭጋግ፣ የጥቂት ሜትር መዘግየት የሰው ሕይወት ያጠፋል። ለፍሬን ገንዘብ የማይሰስት ባለመኪና ለአሞርዛተርም ሊሰስት አይገባውም።

ይሁን እንጂ መንኳኳት ሁሉ ከአሞርዛተር አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን የሚያሰማው ርካሹ ዕቃ ነው። የእግሩ ክንዶች ከሻንሲው ጋራ የሚገናኙበት የጎማ ቦኮላ ተቀዶ ይሆናል፤ ወይም ቴስቲናው ላልቶ፣ ወይም ደግሞ በምሰሶው አናት ላይ ያለው የጎማ መቀመጫና ኩሽኔታ አልቆ ይሆናል። ጎበዝ ሜካኒክ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ በረጅም ብረት እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ሳይነቀንቅ ዕቃ ግዛ አይልም። የቦኮላው ዋጋ ከአሞርዛተሩ ጋራ ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ስለዚህም ይመስላል ሻጩም ባለመኪናውም ቸል የሚሉት። አዲስ አሞርዛተር በተቀደደ ቦኮላ ላይ ማስገባት ግን አዲስ ጫማ ለተሰበረ እግር እንደ ማልበስ ያለ ነው። ከዚህም አስቀድሞ የጎማው አየር ይመርመር። ያለ ልክ የተነፋ ጎማ ኮብልስቶኑን ሁሉ በሾፌሩ ወገብ ላይ ያስቆጥራል፤ አየር መለካት ደግሞ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም።

አሁን ደግሞ በብዙዎች ዘንድ ስለ ተወደደው ስለ ማስረዘም ነገር። በክረምት ጭቃና በየሰፈሩ በተሠራው የፍጥነት መቀነሻ ምክንያት ሆዷ መሬት የሚነካባት መኪና ባለቤት፣ በሞላው ጥምዝ መካከል ላስቲክ ያስገባል፤ ወይም ከምሰሶው አናት ላይ ወፍራም ብረት ያስጨምራል። ይህ አሠራር መኪናውን ከፍ ማድረጉ የማይካድ ነው። ነገር ግን ኃይል ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ፊት ጎማዎች የሚያደርሱት ዘንጎች ከተሠሩበት በላይ ተጎብጠው እንዲዞሩ ያስገድዳቸዋል፤ መጋጠሚያቸውም ቶሎ ያልቃል። የጎማዎቹ አቋቋም ይዛባል፣ የጎማውም አንድ ጎን ይበላል። በሞላ ጥምዝ መካከል የገባ ላስቲክ ደግሞ አንዱን የሞላ ክፍል ሥራ ስለሚያስፈታው ሞላው በአንድ ቦታ ላይ ብቻ እንዲጨነቅ ያደርገዋል። መጠነኛ ከፍታ የሚያስፈልገው ሰው ለመኪናው ዓይነት ታስቦ የተሠራ ጠንከር ያለ ሞላ ከነተስማሚ አሞርዛተሩ ቢያስገባ ይሻለዋል። ይህም ቢሆን ሁልጊዜ ጭነት ለሚይዝ ነው እንጂ ብቻውን ለሚነዳ አይደለም፤ ክብደቷ አንድ ቶን የማይሞላ መኪና ባዶዋን በጠንካራ ሞላ ላይ ስትሆን በኮብልስቶን ላይ ትፈናጠራለች እንጂ መንገዱን አትይዝም። መኪናን ዝቅ አድርጎ ለውድድር ማበጀት ለዚህ አገር መንገድ ስለማይሆን እዚህ ላይ ማተቱ አያስፈልግም።

ዕቃው በትክክል ከተመረጠ በኋላ የሚበላሸው በአገባቡ ነው። አሞርዛተር በጥንድ ይለወጣል፤ የፊት ሁለቱን ወይም የኋላ ሁለቱን በአንድነት ማለት ነው። አንድ ብቻ የተለወጠለት መኪና ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ባለ ሁለት ቱቦ አሞርዛተር በመጋዘን ተጋድሞ ስለሚቆይ አየርና ዘይቱ ይደባለቃሉ፤ ከመግባቱ በፊት ቀጥ አድርጎ አቁሞ ጥቂት ጊዜ መሳብና መግፋት ይገባል። ይህን ሳያደርጉ አስገብተው «አዲሱ ዕቃ ያንኳኳል» ብለው ወደ ሱቁ የሚመለሱ አሉ። የቦኮላው ብሎን በመጨረሻ የሚጠበቀው መኪናው በአራት እግሩ መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው፤ ተሰቅሎ ሳለ ከተጠበቀ ጎማው ገና ከጅምሩ ተጠምዝዞ ስለሚቀር በአጭር ጊዜ ውስጥ ይቀደዳል። በዘንጉ ላይ የሚለበሰው የአቧራ መከላከያ የተቀደደ ከሆነ አብሮ ይለወጥ፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ገብቶ ዘንጉን ፍቆ የዘይቱን መዝጊያ የሚያበላሸው በዚህ በኩል ነው። ሞላውን ከምሰሶው ላይ ማውጣት ግን ያለ ትክክለኛ መጨመቂያ መሣሪያ ሊሞከር አይገባም፤ ታምቆ የተለቀቀ ሞላ ሜካኒኩን ሊገድለው ይችላል። ሥራው ሲያልቅ የጎማ አላይመንት ማስተካከል የግድ ነው።

ነጋዴውን የሚመለከተው ደግሞ የሻጩ ወገን ነው። በመርካቶ በሶማሌ ተራ ለብዙ ዘመን ሲሸጥ የኖረው ያገለገለ የመለዋወጫ ዕቃ ለብዙ ባለመኪናዎች ባለውለታ መሆኑ አይካድም። ያገለገለ የበር መክፈቻ ወይም መስታወት መግዛት ብልኅነት ነው። ያገለገለ አሞርዛተር ግን ዕድሜው በዓይን አይታይም፤ በውጭ ቀለም የተቀባ፣ በውስጥ ዘይቱ የቀጠነ ሊሆን ስለሚችል ዋጋው ቢረክስም አያዋጣም። በታወቁ ፋብሪካዎች ስም የታተመ ፎርጅድ ዕቃም በገበያ አለ፤ የጃፓኑ ካያባና የአሜሪካው ሞንሮ ስማቸው የታወቀ ስለ ሆነ ለእንዲህ ያለው ማጭበርበር ይጋለጣሉ። ከዕቃው ጋራ ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ዕቃውን ራሱ እንደማያምነው መገመት ይቻላል።

ዕቃ ሲታዘዝም «የቪትዝ ፊት አሞርዛተር» ብቻ ማለት አይበቃም። አንድ ስም የያዙ መኪናዎች በዓመታቸው፣ በሞተራቸውና በኃይል አሰጣጣቸው ይለያያሉ። የፍሬን ቱቦ መያዣው በተለያየ ወገን ስለሚገኝ በብዙ መኪናዎች የቀኙና የግራው የፊት ምሰሶ አንድ አይደለም። ባለመኪናው የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ላይ ገልብጦ ይዞ ቢሄድ፣ ሻጩም ያንን ቁጥር በደረሰኙ ላይ ቢጽፍለት፣ ያልገጠመ ዕቃ በሚመለስበት ቀን በሁለቱ መካከል ክርክር አይነሣም።