«ሕመምህን ልውሰደው»፦ የአርመኖች የዕለት ንግግር ምን ይነግረናል?

የአንድን ሕዝብ ባህል ለማወቅ የታሪክ መጽሐፉን ማገላበጥ ብቻውን አይበቃም፤ እናት ልጇ ሲወድቅባት በድንገት የምትለውንም ማዳመጥ ያስፈልጋል። የአርመን እናት እንዲህ ባለ ጊዜ «ጻቭት ታኔም» ትላለች፤ «ሕመምህን ልውሰደው» ማለት ነው። አባባሉ ግን ለታመመ ወይም ለወደቀ ብቻ የሚነገር አይደለም። «የኔ ዓለም»፣ «እባክህ»፣ «ተባረክ» በምንልበት ቦታ ሁሉ ይገባል።

ለመሐንዲስ ይህ አነጋገር እንግዳ አይሆንበትም። የሕንፃ ሸክም በምኞት አይጠፋም፤ ከጣሪያ ወደ ምሰሶ፣ ከምሰሶ ወደ መሠረት ይተላለፋል እንጂ። አርመኑም «ሕመምህ ይጥፋ» ሳይሆን «ወደ እኔ ይለፍ» ነው የሚለው። የእኛዋ እናት «እኔን!» ወይም «እኔን ይድፋኝ!» ስትል የምትመኘውም ይህንኑ ነው።

ሌሎቹም አባባሎች ከዚህ የራቁ አይደሉም። የማለዳ ሰላምታቸው «ባሪ ሉይስ» ሲሆን፣ ትርጉሙ «መልካም ብርሃን» ነው። ልጅ ለተወለደለት ወይም ዘመዱ ከሩቅ አገር ለገባለት ሰው «አችክት ሉይስ» ይሉታል፤ «ዓይንህ ብርሃን ይሁን» እንደ ማለት ነው። ደግ ለሠራ ልጅ «አፕሬስ» ይባላል፤ «ኑርልን» ማለት ነው፤ «ዕድሜ ይስጥህ» ከሚለው ምርቃታችን ጋር ይቀራረባል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከምን መጣ? ብዙዎቻችን አርመንን የምናውቀው በ1915 (እ.ኤ.አ.) በጀመረው የዘር ማጥፋትና በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ባመጧቸው ወላጅ አልባ «አርባ ልጆች» በኩል ነው። ስለዚህም «ሕመምህን ልውሰደው» የሚለውን የመከራቸው ውጤት ብቻ አድርገን ለመተርጎም ይቃጣናል።

ይሁን እንጂ ጎረቤቶቻቸውን ስናዳምጥ ይህ ትርጓሜ አይጸናም። ጆርጂያዊው «ሼኒ ጪሪሜ» ይላል፤ «መከራህ ለኔ» እንደ ማለት ነው። አዘርባጃናዊውም «ጋዳን አሊም» ይላል፤ ይህም «መከራህን ልውሰደው» ነው። አርመኖች ከሰው ስም ቀጥሎ «አራም ጃን» እያሉ የሚያቆላምጡበት «ጃን» እንኳ ከፋርስኛ የመጣ ነው፤ መሠረታዊ ትርጉሙም «ነፍስ» ነው። እንግዲህ የገርነት ቃላቸው የሠፈሩ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው ማለት ነው።

ነገሩን መራር የሚያደርገው ግን የእነዚሁ ጎረቤታሞች ታሪክ ነው። አርመኖችና አዘርባጃኖች በናጎርኖ ካራባክ የተነሣ ከ1988 እስከ 1994፣ ከዚያም በ2020 ተዋግተዋል። በመስከረም 2023 ደግሞ ከመቶ ሺህ በላይ አርመኖች አካባቢውን ጥለው ተሰደዋል። በሁለቱም ወገን ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች አሉ፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉባቸው ቃላት በትርጉም አንድ ናቸው።

ከዚህ የምንማረው፣ የጋራ ቋንቋና ባህል ብቻውን ጦርነትን እንደማያስቀር ነው። ሆኖም «እነርሱና እኛ የሚያገናኘን የለም» የሚለው ፖለቲካ ሐሰት መሆኑን ያጋልጣል። እኛም «ይህ የእኛ ብቻ ነው» ከማለታችን በፊት፣ ጎረቤታችን ልጇ ሲወድቅባት ምን እንደምትል ጠይቀን እናውቃለን?