ለእርከን ሥራ ስለሚከፈለው ምንዳ

መንግሥት የልማታዊ ሴፍቲኔትን ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀምር፣ ለተመዘገበው ችግረኛ ገበሬ የወሰነው የቀን ምንዳ 6 ብር ነበር። ይኸውም ምጽዋት ሳይሆን፣ እርከን ለመሥራትና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ለመቆፈር የሚሰጥ የጉልበት ዋጋ ነበር፤ ለአንድ የቤተ ሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰብ ነበር።

የቀኑ ምንዳ 3 ኪሎ እህል ያህል እንዲገዛ ታቅዶ ነበር። ነገር ግን በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ እጅግ ስለ ናረ፣ ምንዳው ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም ገበያውን ሊደርስበት አልቻለም። ስለዚህ ብዙዎች ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ እህል መቀበልን መረጡ።

ነገሩ ለአንጋጫ ነጋዴም የሩቅ ወሬ አይደለም። ሕዝብ በበዛበት ደጋ አፈሩ ሲታጠብ፣ ለገበያ የሚወጣው ድንችና ስንዴ አብሮ ይቀንሳል። ምንዳው በብር ሲከፈል ጨውና ሳሙና ይሸጣል፤ ሲዘገይ ግን፣ ባለ መደብር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሚረዝመው የዱቤ መዝገብ ነው።