ሻጋታ፣ እርሾ፣ እንጉዳይ፣ ዋግ፦ የአንድ ቤተሰብ አባላት

ብዙዎቻችን ፈንገሶችን ከዕፅዋት እንቆጥራቸዋለን። ነገር ግን ክሎሮፊል ስለሌላቸው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ማዘጋጀት አይችሉም። የሕዋሳቸው ግድግዳም የተሠራው በነፍሳት ቅርፊት ውስጥ ከምናገኘው ካይቲን ነው። የሚመገቡት ኢንዛይም ወደ ውጭ አመንጭተው፣ የሟሟውን ምግብ በመምጠጥ ነው።

ዋና ዋና ምድቦቻቸውን በአብዛኛው የምንለየው ስፖር በሚሠሩበት መንገድ ነው፦

ካይትሪዶች፦ በውኃና በእርጥብ አፈር ይኖራሉ፤ ስፖራቸው በጅራቱ ይዋኛል።

ዚጎማይሴቶች፦ በሻገተ ዳቦ ላይ የምናያቸው ጥቁር ነጠብጣቦች የእነዚህ የስፖር ከረጢቶች ናቸው።

አስኮማይሴቶች፦ ከረጢት በመሰለ ሕዋስ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 8 ስፖሮች ይሠራሉ። ነጠላ ሕዋስ የሆነው የዳቦ እርሾና ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ፔኒሲሊንን ያገኘበት ሻጋታ እዚህ ይመደባሉ።

ባሲዲዮማይሴቶች፦ ዱላ በመሰለ ሕዋስ ጫፍ ላይ ብዙውን ጊዜ 4 ስፖሮች ያወጣሉ። እንጉዳይና የስንዴ ዋግ ከዚህ ናቸው።

ይህ እውቀት ለፈተና ብቻ አይደለም። የአብዛኞቹ ፈንገሶች አካል ሃይፋ የሚባል ቀጭን ክር ነው። ለሱሑር ያስቀመጥነው ዳቦ ላዩ ሻግቶ ካገኘነው ክሩ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ላዩን መፋቅ አይበቃም። በኦቾሎኒ፣ በበቆሎና በበርበሬ ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ የአስፐርጊለስ ዝርያዎች ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫሉ። መርዙ ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል፤ በተለመደው አበሳሰልም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ስለዚህ የሻገተውን እንጣል፤ ያልሻገተውንም በደረቅ ቦታ እናስቀምጥ።